ስለ ብሉቤሪ ተክልና ስለ ጎጃም ደጋ ዐፈር

አንድ ዐፈር ለአንዱ አዝመራ ባይስማማ ለሌላው ሊስማማ እንደሚችል ለባላገር የሚነገረው ነገር አይደለም፤ እርሱ ራሱ ከአባቱ የተማረው ነው። ጤፉን በዋልካ ሲዘራ ድንቹን ግን ወደ ቀዩና ወደ ለስላሳው መሬት ያወጣዋል። ዳሩ ግን ይህ የታወቀ ነገር በዛሬው ጊዜ በጎጃም ደጋ ላይ አዲስ ጥያቄ የሚያስነሣ ሆኗል። በጎዛምን፣ በስናን፣ በማቻከል፣ ወደ አዊም በሚያልፈው ከፍተኛ አገር ብዙው መሬት ኮምጣጣ፣ ባሁኑ አነጋገር አሲዳማ፣ ሆኖ የገብሱና የስንዴው ምርት እየጐደለ ይሄዳል። በሌላው ዓለም ደግሞ ብሉቤሪ የሚባለውን ፍሬ የሚተክሉ ሰዎች መሬታቸው ኮምጣጣ ባለመሆኑ እያዘኑ ድኝ እየገዙ በዕርሻቸው ላይ ይነሰንሳሉ። እኛ በኖራ ልናስወግደው የምንደክምበትን ነገር እነርሱ በገንዘብ ይገዙታል ማለት ነው።

እንግዲህ «ብሉቤሪውን አምጥተን በጎጃም ደጋ ብንተክለው ምን ይከለክለናል?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው የተገባ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ በቀጥታ ችግኝ ወደ ማከፋፈል መሄድ የሚያስጸጽት ይሆናል። በጥያቄውና በችግኙ መካከል ምርመራ የሚባል ሥራ አለ፤ እርሱም ዓመታት የሚፈልግ፣ ገንዘብ የሚፈልግ፣ ብዙ ጊዜም «አይሆንም» የሚል መልስ ይዞ የሚመለስ ነው። ዛሬ ለመንግሥት ሹማምንትና ለካህናት አባቶቻችን ለማሳሰብ የምንወድደው ስለዚሁ በመካከል ስላለው ሥራ ነው።

ብሉቤሪ የሚባለው ቍጥቋጦ የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪቃ ነው። ፍሬው ክብ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዐመድ የመሰለ ስስ ነገር የለበሰ፣ መጠኑም ከሽንብራ ከፍ የሚል ነው። አንዳንድ ሰዎች በአማርኛ «ሰማያዊ እንጆሪ» ይሉታል። ስሙ ለጆሮ ቢጥምም የተሳሳተ ነው፤ የዱር እንጆሪያችን የጽጌ ረዳ ወገን ሲሆን ብሉቤሪ ከእርሱ ጋራ አይዛመድም። በአገራችን ዘመድ ከተፈለገለት ዘመዱ በጮቄ ተራራ ከጅብራው በታች የሚበቅለው አስታ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት አስታንና ብሉቤሪን ከአንድ ነገድ ይቈጥሯቸዋል። ሁለቱም በደካማና በኮምጣጣ ዐፈር መኖርን የለመዱ ናቸው፤ የሁለቱም ሥር እጅግ የቀጠነ ሆኖ በሥሩ ውስጥ የሚያድር፣ ዓይን የማያየው የሻጋታ ወገን ከዐፈሩ ምግብ እየፈለገ ያቀብላቸዋል። ከጮቄ አስታ ሥር የሚገኘው ይህ ረዳት ለእንግዳው ዘመዱ ደግሞ ይረዳው ወይም አይረዳው እንደ ሆነ በምርመራ ሊጠየቅ የሚገባው መልካም ጥያቄ ነው።

እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ ብሉቤሪን ሰው ከዱር ይለቅመው ነበር እንጂ ለንግድ አይተክለውም ነበር። የሞከሩትም ሰዎች ከዱር ነቅለው በሚገባ በታረሰና ፍግ በጠገበ የአታክልት ቦታ ሲተክሉት እየጠወለገ ስለ ሞተባቸው፣ ይህ ተክል ለማዳ አይሆንም ብለው ተዉት። በአሜሪቃ የዕርሻ ሚኒስቴር የዕፅዋት መርማሪ የነበረው ፍሬደሪክ ኮቪል ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ምርመራውን ጀምሮ በ1910 ያገኘውን አሳተመ። ያገኘውም ነገር በዚያን ጊዜ የነበሩትን አትክልተኞች ሁሉ የሚያስደንቅ ነበር። ተክሉን የሚገድለው የመሬቱ ድህነት ሳይሆን አትክልተኛው መልካምነት ብሎ የሚጠራው ነገር ነው፤ ፍግና ኖራ የጠገበው ዐፈር ኮምጣጣነቱ ስለ ጠፋ ብሉቤሪው ሊኖርበት አይችልም። ሰው ሁሉ ለተክሉ በጎ ያደረገለት እየመሰለው ይገድለው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ታሪክ ይልቁንም ለሹማምንት ሊነገር የሚገባ ነው። በኒው ጀርሲ የባለ ዕርሻ ልጅ የነበረች ወይዘሪት ኤልዛቤት ኋይት የኮቪልን ጽሑፍ አንብባ በ1911 በአባትዋ መሬት ላይ ምርመራው እንዲቀጥል ጠየቀችው። ሊቁ ዐፈሩን ዐውቆ ነበር፤ ከሺህ ቍጥቋጦ መካከል የትኛው ትልቅና ጣፋጭ ፍሬ እንደሚሰጥ ግን አላወቀም። ይህን የሚያውቁት በዚያ ጫካ ዳር የሚኖሩና በየዓመቱ ፍሬ እየለቀሙ የሚሸጡ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። እርስዋም 16 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ የተበሳበት መለኪያ እየሰጠች፣ በዚያ ቀዳዳ የማያልፍ ፍሬ ያለውን ቍጥቋጦ ላሳያት ሁሉ ዋጋ ትከፍል ነበር። ቍጥቋጦውንም ባገኘው ሰው ስም ትጠራው ነበር፤ ሩቤል የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ እስከ ዛሬም ይተከላል። ኮቪል ከእነዚህ የተመረጡትን እርስ በርሳቸው እያዳቀለ አዳዲስ ዘር አወጣ፤ በ1916 ከታረሰ መሬት የተለቀመ ብሉቤሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ቀረበ። ከምርመራው መጀመሪያ እስከ ገበያው 10 ዓመት አለፈ። ይህም የሆነው ተክሉ በተወለደበት አገር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መሬት እንመለስ። የዐፈር ኮምጣጣነት የሚታወቅበት መለኪያ ፒኤች ይባላል፤ 7 ቍጥር መካከለኛ ሲሆን ከዚያ በታች በወረደ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል፤ የአንድ ቍጥር መውረድም ዐሥር እጥፍ መበርታት ነው። ብሉቤሪ ከ4.5 እስከ 5.5 ያለውን ይወድዳል። ገብስና ስንዴ ግን ከ5.5 በታች ሲሆን መጐዳት ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም በዐፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም በዚያን ጊዜ ሟሙቶ ሥራቸውን ስለሚያሳጥረው፣ ፎስፎር የሚባለውም ምግብ ተይዞ ስለሚቀርባቸው ነው። የጎጃም ደጋ ወደዚህ የደረሰበት ምክንያት የታወቀ ነው። ብርቱው የክረምት ዝናም ኖራነት ያለውን የዐፈር ምግብ ለብዙ ሺህ ዘመን ሲያጥበው ኖሯል፤ በዚያም ላይ አገዳው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲሄድ ከዕርሻው የተወሰደው ወደ ዕርሻው አልተመለሰም፤ ለብዙ ዓመት የተጨመረው የማዳበሪያ ዐይነትም በፈንታው ኮምጣጣነትን አብዝቷል። ይህ የጎጃም ብቻ ጕዳት አይደለም፤ ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት ውስጥ ከመቶው 40 የሚያህለው በዚህ የተነካ መሆኑን የዐፈር መርማሪዎች ይገምታሉ።

መድኀኒቱ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይም በዓባይ በረሃ ገደል በደጀን በኩል ሞልቷል። ችግሩ ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ አሥር ኩንታል የሚያስፈልግ መሆኑ ነው፤ ያን ሁሉ ከመኪና መንገድ ርቆ ወዳለው ማሳ በአህያ ማድረስ ምን ያህል እንደሚያደክም በወረዳ የሠራ ሹም ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ኮምጣጣውን መሬት እንዳለ የሚወድድ ባለ ዋጋ ተክል ተገኘ ሲባል ልብ የሚቸኵለው በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ይህ ተስፋ ግማሽ እውነት ነው። የኒው ጀርሲው ዐፈር ኮምጣጣ ብቻ ሳይሆን አሸዋማና የበሰበሰ ቅጠል የሞላበት ለስላሳ መሬት ነው፤ ያ ቀጭን ሥር ያለ ድካም ይሄድበታል፤ ውሃውም ሳይቆም ያልፋል። የኛው ቀይ መሬት ግን ሸክላነቱ የበዛ፣ ለብዙ ዘመን በመታረስ የበሰበሰ ቅጠል ያለቀበት፣ በከብት ኮቴ የተጠቀጠቀ ነው። መለኪያው 5 ቍጥርን ስላሳየ ብቻ ብሉቤሪው ይኖርበታል ማለት አይቻልም። አሉሚኒየሙንም ከገብስ ይልቅ ይችለዋል ይባላል እንጂ በጎዛምን ዐፈር ላይ እስከ ምን ድረስ እንደሚችለው በዚያው ዐፈር ላይ ተክሎ ከማየት በቀር ሌላ ማወቂያ የለም። ደግሞም በዛሬው ጊዜ በብዙ አገር ያሉ ትልልቅ ባለ ዕርሻዎች ተክሉን በመሬት መትከል ትተው በላስቲክ ዕቃ ውስጥ በኮኮነት ቃጫና በመሳሰለው ላይ ያሳድጉታል። በዚህ አኳኋን ከተተከለ የጎጃም ዐፈር ኮምጣጣ መሆኑ ምን ጠቀመ? ቃጫው ከውጭ የሚገዛ፣ ዕቃው የሚገዛ፣ ምግቡ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ከሆነ፣ ነገሩ ባለ ብዙ ገንዘብ የሚሠራው ፋብሪካ ይመስላል እንጂ የባላገር ዕርሻ አይሆንም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ይህ ነው፦ ብሉቤሪ በጎጃም ዐፈር ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ ብቻ ተጨምሮለት፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይኖራል ወይስ አይኖርም?

የአየሩም ነገር እንደዚሁ ነው። የሰሜን አሜሪቃው ብሉቤሪ በክረምቱ ብርድ ካልተኛ ደኅና አድርጎ አያብብም፤ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ከ800 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ብትሆንም ብርዷ የሌሊት ብርድ ነው፤ ቀን ፀሐይ ይመለሳል። ስለዚህ የሰሜኑ ዘር ለእርስዋ አይሆንም። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍሎሪዳ ሊቃውንት ከደቡቡ የዱር ብሉቤሪ ጋራ እያዳቀሉ ጥቂት ብርድ የሚበቃውን ዘር አውጥተዋል፤ በ1998 የወጣው ቢሎክሲ የሚባለውም ከዚህ ወገን ነው። ፔሩ የታወቀችው በዚህ ዘር ነው። ይህች አገር ከ2010 በፊት በብሉቤሪ ንግድ ስሟ የማይጠራ ስትሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። ስለ ፔሩ ሲነገር ግን የሚረሳ ነገር አለ። ዕርሻዋ ዝናም በማይዘንብበት የባሕር ዳር በረሃ፣ በአሸዋ ላይ፣ በመስኖ ውሃ የሚለማ ነው፤ ባለ ዕርሻው ውሃውን በልክ ይሰጣል፤ ፍሬው የሚደርስበትንም ወር እርሱ ይመርጣል። በደብረ ማርቆስ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ የሚያደርገውን ማን ይመርጣል? የደረሰ ፍሬ ዝናም ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ሥሩ ውሃ በቆመበት ይበሰብሳል፤ በረዶውም አለ። ወደ ስናን ከፍ ሲሉ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አበባውን ያገኘዋል። እንግዲህ ፍሬው በበጋ እንዲደርስ መግረዙ በየትኛው ወር እንዲሆን፣ ለበጋውም የሚሆን ውሃ ከየት እንዲመጣ፣ ያም ውሃ ኖራነት ያለው መሆኑና አለመሆኑ ተመርምሮ መታወቅ አለበት። ኖራነት ያለው ውሃ ለሁለትና ለሦስት በጋ ቢጠጣ የዐፈሩን ኮምጣጣነት ቀስ በቀስ ያጠፋዋልና።

በጎጃም ምድር ብሉቤሪ ፈጽሞ ያልታየ ነገር አይደለም። በመራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት በተሠራው በቆጋ ግድብ አካባቢ በባለ ሀብት ዕርሻ ተተክሎ ፍሬ ሰጥቷል። ይህ መልካም ምልክት ነው። ሆኖም ቆጋ ከደብረ ማርቆስ ዝቅ ያለ ወይና ደጋ ነው፤ የግድብ ውሃ አለው፤ የአይሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከባሕር ዳርም ሩቅ አይደለም። ብሉቤሪ ከተለቀመ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልቀዘቀዘና እስከ ገዢው እጅ ድረስ እንደ ቀዘቀዘ ካልቆየ ዋጋው ይወድቃል። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም የዓባይ በረሃ ሙቀት አለ። ፍሬውን ማብቀል ቢቻል እንኳ የማቀዝቀዣ ቤትና የማቀዝቀዣ መኪና ሳይዘጋጅ የበቀለው ፍሬ ለልጆችና ለወፎች ይሆናል። (ለልጆች ቢሆን ክፋት የለውም፤ ዳሩ ግን ለዚያ ብሎ ብድር የሚገባ ገበሬ የለም።)

ችኰላን የምንፈራበት ምክንያት ይህ ነው። ብሉቤሪ ከተተከለ በኋላ የሚረባ ፍሬ ለመስጠት ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈልጋል። በጎጃም ደጋ ብዙው ገበሬ ያለው መሬት አንድ ሄክታር የማይሞላ ነው፤ ከዚያ ላይ ጥማድ የሚያህለውን ለእንግዳ ተክል ቢሰጥ በእነዚያ ዓመታት የልጆቹ እንጀራ ከዚያ ላይ ይጐድላል። ተክሉ ቢሞትበት ደግሞ ችግኙን ያደለው መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን ጽፎ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ገበሬው ግን ከባዶ መደብ ጋራ ይቀራል። በሪፖርት ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የተተከለው ቍጥር ነው እንጂ የጸደቀው አይደለም፤ ይህን ከእኛ ይልቅ አንባቢዎቻችን ሹማምንት ያውቁታል።

በቅርቡ የሆነ ምሳሌ አለን። በአዊ በፋግታ ለኮማ ገብስ እምቢ ባለው ኮምጣጣ መሬት ላይ ባላገሩ ከአውስትራልያ የመጣውን ደከረንስ የሚባል ግራር ተክሎ፣ ከሰል እያከሰለ፣ ከድህነት የወጣ ብዙ ነው። ይህንም ያደረገው ማንም ሳያስገድደው በራሱ ዐይን አይቶ ነው፤ ስለዚህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አገሩ ሁሉ በአንድ ተክል ከተሸፈነ በኋላ የዋግ በሽታ ገብቶ ብዙውን አደረቀው፤ በዚያን ጊዜ ዘሩን የሚተካ፣ በሽታውን የሚቋቋም ሌላ ወገን አስቀድሞ ተመርምሮ አልተዘጋጀም ነበር። የባላገሩ ጥበብ ሄዶ ሄዶ የመርማሪው ሥራ ከሚያስፈልግበት ስፍራ ደርሶ ነበር፤ መርማሪው ግን ዘግይቶ ተጠራ። በብሉቤሪ ይህ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ እንወድዳለን።

ሌላም ሹማምንት አስቀድመው ሊያስቡት የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ በገበያ ያሉት መልካም መልካሞቹ የብሉቤሪ ዘሮች ባለቤት ያላቸው ናቸው። እንደ ድንች ከጎረቤት ወስዶ፣ ቈርጦ ማባዛት አይፈቀድም፤ በአገራችንም የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚጠብቅ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለዚህ የትኛው ዘር በነፃ ሊባዛ እንደሚቻል፣ ለየትኛውስ በየዓመቱ እንደሚከፈል ሳይታወቅ ችግኝ ማፍላት በኋላ ክርክር ያመጣል። የመብት ዘመናቸው ያለፈ የቀድሞ ዘሮች ስላሉ ሙከራውን ከእነርሱ መጀመር ይሻላል።

የሚሠራው ሰው አልጠፋም። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ለጎጃም ደጋ ገብስና ድንች ብዙ የደከመ ነው፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የዕርሻ ትምህርት የተማሩ መምህራን አሉት። የጎደለው ሥራው በአንድ የበጀት ዓመት እንዲያልቅ አለመጠየቅ ነው። ከ5 ዓመት በፊት ስለ ብሉቤሪ የሚሰጥ ቃል ሁሉ ግምት ነው፤ ሹሙ መርማሪውን «ውጤቱ የታለ?» ብሎ በየስድስት ወሩ ሲያስጨንቀው መርማሪው ያላየውን ያየ አስመስሎ ለመጻፍ ይፈተናል። የሞተውም ተክል መቼ፣ በምን ምክንያት፣ በየትኛው መደብ እንደ ሞተ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ኮቪል መንገዱን ያገኘው የሌሎች ሰዎች ብሉቤሪ ለምን እንደ ሞተ በመጠየቅ ነውና።

ከካህናትም የሚፈለግ እርዳታ አለ። በየደብሩ ቅጥር ግቢ ለብዙ መቶ ዓመት ማረሻ ያልነካው፣ ቅጠል እየረገፈ ሲበሰብስበት የኖረ ዐፈር አለ። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ማሳ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክረው ይህ ዐፈር ነው። መርማሪው ከደኑ ውስጥ ጥቂት አካፋ ዐፈር ወስዶ ከማሳው ዐፈር ጋራ ለማመዛዘን ቢለምን የደብሩ አለቃ እንዲፈቅዱለት፣ ለምእመናኑም ነገሩን እንዲያስረዱለት እናሳስባለን። ገበሬው የዐፈር መርማሪ ሲያይ መሬቴ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ከንስሓ አባቱ ሲሰማው ግን ልቡ ይረጋል። ስለ ፍሬውም ለሚጠይቁ ካህናት፣ የጾም ምግብ መሆኑን ለመንገር ምርመራ አያስፈልግም።

ወይዘሪት ኋይት በመለኪያዋ የፈለገችው ከራስዋ ጫካ የበቀለውን ፍሬ ነበር። በጎጃምም ልጆች ከብት ሲጠብቁ የሚለቅሙት አጋም አለ፤ በደጋው የዱር እንጆሪ አለ፤ ከወንዝ ወንዝም ጣዕሙና መጠኑ ይለያያል። የትኛው ቍጥቋጦ ትልቅ ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያውቁትም እነዚያው እረኞች ናቸው። ለብሉቤሪው ሙከራ ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ለእነዚህ ቢውል አይባክንም፤ እነርሱ ዐፈሩንም ዝናሙንም ለምደውታል፤ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚከራከርባቸውም የለም።

እስከዚያው ድረስ ለገበሬው የሚሰጠው ኖራ እንዳይቋረጥ፣ ኮምጣጣው መሬት ለብሉቤሪ ይቈይ የሚል ምክንያትም እንዳይነሣ እናሳስባለን፤ ገብሱ የዘንድሮ ነው። ለሙከራው በደብረ ማርቆስ አጠገብ አንድ፣ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ በሮብ ገበያ አንድ፣ ከሩብ ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ቢከለል ለመጀመሪያው ይበቃል። መደቡ ከክረምት በፊት ተሠርቶ፣ ዐፈሩና የምንጩ ውሃ ተመዝኖ፣ ቍጥሩ በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ ችግኙ ይምጣ። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት መዝገብ ተዘግቶ ሳይታይም ከእነዚህ ሁለት መደቦች ውጭ አንድ ችግኝ ለገበሬ እንዳይታደል የዞኑ ሹማምንት በጽሑፍ ቢያዝዙ ይገባል።